የተአምራት ጸጋ ዛሬም አለን?



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሶ ደጋው ላይ ብቅ ሲል የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። መንገደኛ በሚያርፍበት ከተማ ደግሞ የሚራገፈው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወሬም ይራገፋል። በዘመናችን ከዚህ ወሬ መካከል ብዙውን ስፍራ የያዘው የፈውስ ወሬ ነው፤ በእገሌ ጠበል ዓይነ ስውር በራ፣ በእገሌ አዳራሽ ሽባ ተነሥቶ ሄደ፣ ነቢይ የተባለው ሰው በቴሌቪዥን እጁን ዘርግቶ የእገሊትን ነቀርሳ ነቀለ ይባላል።

ሰሚው ከሦስት ይከፈላል። አንዱ ሳይጠይቅ ሳይመረምር በሬውን ሸጦ ይጓዛል። ሌላው ይስቃል፤ ተአምር በሐዋርያት ዘመን ነበረ፣ ከእነርሱ ጋር ቀርቷል ይላል። ሦስተኛው አያምንም አይስቅም፤ ዝም ብሎ ያዝናል። በቤቱ የተኛ ሕመምተኛ አለ፤ ለዓመታት ጸልዮለታል፤ አልዳነም። እንግዲህ ወይ ጸጋው የለም፣ ወይ የእኔ እምነት ጐድሏል እያለ በልቡ ይሟገታል። በእኔ ግምት ቍጥሩ የሚበዛው ይህ ሦስተኛው ሰው ነው፤ የሚከተለው ትምህርትም በተለይ እርሱን አስቦ የተጻፈ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 12፣ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታዎች ሲዘረዝር ፈውስን፣ ተአምራትን፣ ትንቢትን፣ መናፍስትን መለየትን፣ በልሳን መናገርንና ልሳንን መተርጐምን አንድ ላይ ያነሣል። በዚያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ግን ችግረኛን መርዳትንና ማኅበርን ማስተዳደርን በዚያው መዝገብ ይጨምራቸዋል። አንባቢ ብዙ ጊዜ ይህን ሳያስተውል ያልፈዋል። ለድኻ እህል የምታካፍለው እናት በሐዋርያው መዝገብ ከፈዋሹ ጋር ተጽፋለች።

ክርክሩ የሚነሣው በምዕራፍ 13 ነው። ሐዋርያው በዚያ ፍቅር ለዘለዓለም እንደሚኖር፣ ትንቢትና ልሳን ግን ፍጹሙ ሲመጣ እንደሚያልፉ ያስተምራል። ስጦታዎቹ ቀርተዋል የሚሉ ወገኖች ይህን ፍጹም በሁለት ዓይነት ይተረጕሙታል፤ አንዳንዶቹ የቅዱሳት መጻሕፍት ተጽፎ መጠናቀቅ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ የቤተ ክርስቲያን መጽናትና መስፋፋት ነው ይላሉ። ሐዋርያው ግን ያን ጊዜ ጥቂት ወረድ ብሎ ራሱ አስረድቶታል፤ ፊት ለፊት የምናይበት፣ እግዚአብሔር እንዳወቀን እኛም የምናውቅበት ጊዜ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ተጠናቆ በእጃችን አለ፤ ጌታን ግን ገና ፊት ለፊት አላየነውም። ስለዚህ ስጦታዎቹ የሚያልፉት በዳግም ምጽአቱ እንጂ በሐዋርያት ሞት እንዳልሆነ ከዚሁ ምዕራፍ እንረዳለን።

ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻ አይደለም። የሂጶው ጳጳስ ቅዱስ አውጉስጢኖስ ከ1,600 ዓመታት በፊት ተከራክሮበታል፤ የተከራከረውም ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው። ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለ፣ ስለ እውነተኛው ሃይማኖት በደረሰው መጽሐፍ፣ እነዚያ ተአምራት እስከ እርሱ ዘመን እንዲቈዩ እንዳልተፈቀደ ጻፈ፤ ምክንያቱም ነፍስ ዘወትር በዓይን የሚታየውን ብቻ እንድትሻ እንዳትለምድ ነው አለ። በሽምግልናው ግን ጽሑፎቹን ሁሉ መልሶ ሲመረምር ያንን ቃል አረመው። በመጀመሪያው ዘመን የነበረው ሁሉ በዚያው መጠን ዛሬ አይታይም ማለቴ ነበር እንጂ ምንም የለም ማለቴ አልነበረም ሲል፣ ያን መጽሐፍ በጻፈበት ጊዜ ራሱ በሚላኖ አንድ ዓይነ ስውር በሰማዕታት ዐፅም ፊት ዓይኑ እንደበራለት ያውቅ እንደነበር መሰከረ።

ከዚህም አልፎ የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው ታላቅ መጽሐፉ በሃያ ሁለተኛው ክፍል በዘመኑ የተፈጸሙትን ተአምራት አንድ በአንድ ተረከ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ዐፅም ወደ ሂጶ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ በጽሑፍ የቀረቡት ምስክርነቶች ብቻ ወደ 70 ይደርሱ ነበር። አሠራሩን ልብ በሉ፤ የተፈወሰው ሰው ታሪኩ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ጽሑፉም እርሱን በሚያውቀው ሕዝብ ፊት ይነበባል። የሚክድ ወይም የሚያርም ካለ ጎረቤቱ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። በካርታጎ የምትኖር ኢኖኬንጥያ የምትባል ሴት የጡት ነቀርሳ ይዟት ሐኪሞች ተስፋ ከቈረጡባት በኋላ በመስቀል ምልክት እንደተፈወሰች፣ አስቀድሞ የመረመራት ሐኪምም ዳግመኛ መርምሮ መዳንዋን እንዳረጋገጠ እዚያው ተጽፏል። አውጉስጢኖስ ነገሩን በሰማ ጊዜ እንዲህ ያለውን የእግዚአብሔር ሥራ ደብቃ ዝም በማለቷ እጅግ ተቈጥቷል። በዚህ ታሪክ ሐኪሙ የተአምሩ ጠላት ሆኖ አልቀረበም፤ ምስክሩ እርሱ ነው።

ስጦታዎቹ ቀርተዋል የሚለው አሳብ እንደ ሥርዐተ ትምህርት ጐልቶ የወጣው በአሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት ከተነሡት የተሐድሶ መምህራን ወዲህ ነው። ካልቪን የፈውስ ጸጋ ለጊዜው የተሰጠ እንደነበር ያስተምር ነበር፤ አሜሪካዊው የፕሮቴስታንት ሊቅ ዋርፊልድም በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከሐዋርያት በኋላ የሚነገሩትን ተአምራት፣ የእኛን የካቶሊካውያንን ጭምር፣ አንድ በአንድ ነቅፏል። ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ ዋርፊልድ ይህን ሲጽፍ በ1906 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ከተማ የተቀጣጠለው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በዓለም መዛመት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ይኸው እንቅስቃሴ በፊንላንድና በስዊድን ሚስዮናውያን በኩል ወደ ሀገራችን ገብቶ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተማሪዎች መካከል ተስፋፍቶ፣ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን እንድትመሠረት ምክንያት ሆነ። በንጉሡ ዘመን የምዝገባ ፈቃድ ተከለከሉ፤ በደርግ ዘመን ታሰሩ፣ ተገረፉ። እነዚህ ሰዎች ስለ እምነታቸው የተቀበሉትን መከራ አክብረን ልናነሣው ይገባናል፤ በትምህርት መለያየታችን ይህን አያስቀርም።

በእኛም ቤት ክርክሩ ነበረ። በቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን የተዘጋጀው ረቂቅ ሲመረመር የፓሌርሞው ብፁዕ ካርዲናል ሩፊኒ ተነሥተው እንዲህ ያሉት ስጦታዎች በመጀመሪያው ዘመን የበዙ፣ ዛሬ ግን እጅግ የተመናመኑ ናቸውና በረቂቁ ሰፊ ስፍራ ሊሰጣቸው አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። የቤልጂጉ ብፁዕ ካርዲናል ስዌነንስ መለሱላቸው፤ ስጦታዎቹ የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሳይሆኑ የሕይወቷ ክፍል ናቸው፣ በየቁምስናው የተማረውም ያልተማረውም የየራሱን ይዞ ይገኛል አሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን የጸደቀው ስለ ቤተ ክርስቲያን የተደነገገው ሰነድ በቍጥር 12 ሁለቱንም ወገን የሚያስተምር ቃል አኖረ። ስጦታዎቹ፣ ታላላቆቹም ሆኑ ተራ የሚመስሉት፣ በምስጋናና በመጽናናት ሊቀበሏቸው ይገባል፤ ልዩ የሆኑትን ግን በችኰላ መመኘትና የሐዋርያዊ ሥራን ፍሬ ከእነርሱ በድፍረት መጠበቅ አይገባም፤ እውነተኛነታቸውን የመመዘን ሥልጣንም የእረኞች ነው፤ እረኞቹም ቢሆኑ መንፈስን እንዳያጠፉ ታዘዋል። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር፣ በአሜሪካ በፒትስበርግ በሱባኤ ላይ ከነበሩ ካቶሊካውያን ተማሪዎች መካከል የካሪዝማቲክ ተሐድሶ ተጀመረ።

ወደ ጎጃም እንመለስ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ተአምር ቀርቷል የሚለው ትምህርት በዚህ ደጋ ሥር የሰደደ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው ምዕት ዓመት ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ካዘዙ ወዲህ ይህ ሕዝብ ተአምርን በጆሮው እየሰማ፣ ጠበልን በሰውነቱ እየተቀበለ የኖረ ነው። ገበሬው እግዚአብሔር ዛሬ ይፈውሳልን ብሎ አይጠይቅም፤ ይፈውሳል፣ አለቀ። የእርሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚፈውሰው የት ነው? በማን እጅ ነው? እኔንስ ለምን አልፈወሰኝም? እኛ መምህራን ለመጀመሪያው ጥያቄ ከመጻሕፍት ብዙ መልስ ይዘን እንሄዳለን፤ ሕዝቡ ግን የሚጠብቀን በሦስተኛው ላይ ነው።

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሲያጣ ሰው ይሞታል። አጋንኜ አይደለም። የእንጦጦ ማርያምን ጠበል ብዙዎቻችሁ በዝና ታውቁታላችሁ። የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኞች ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን ወደዚያ ይጐርፉ ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ክኒን ከዋጠ እምነት እንደጐደለው ይቈጠራል የሚል አሳብ ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹን መድኃኒቱን እንዲተዉ አደረጋቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸውና አይጋጩም ሲሉ በአደባባይ አስተማሩ። ይህ ቃል እኛም በየቤታችን ልንደግመው የሚገባ ነው። ከጠበሉ ስፍራ ሌላ በአዳራሽም፣ በማያ ገጽም፣ ኢንሱሊንህን ጣል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትሽን አቁሚ የሚል ሰው አለና። ከወንጌላውያን ወንድሞቻችን መካከልም ይህን ድፍረት በግልጽ የነቀፉ ብዙዎች ናቸው።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው የሚል ትምህርት ይዟል፤ ቀጥሎም ሕመምተኛው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱም እንዲነጻ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጸሎትና ሐኪም በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ላልተፈወሰው ሰው ደግሞ የምንነግረው የጳውሎስን ወዳጆች ታሪክ ይሁን። ከጳውሎስ የበለጠ የፈውስ ጸጋ የነበረው ማን ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ እንኳ ድውያንን ይፈውስ እንደነበር ተጽፏል። ይኸው ሰው ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ። ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው፤ እጄን ልጫንብህና ዳን አላለውም። አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቀርብ ታመመና ሐዋርያው በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይሆንበት ፈርቶ ነበር። ስለ ገዛ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ያገኘው ጸጋ እንጂ ፈውስ አልነበረም። እንግዲህ ልጅዋ ያልዳነላት እናት እምነትሽ ትንሽ ስለሆነ ነው ስትባል፣ ያው ፍርድ በጳውሎስም ላይ መውደቁ ነው። ይህን ቃል ከአንደበታችን ልናርቀው ይገባል፤ በልቅሶ ቤት ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ ጨካኙ ይህ ነውና። ጌታም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን በደለ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል።

ታዲያ ተአምር ተደረገ ሲባል በምን እንመዝነው? ቤተ ክርስቲያን ለማመን የምትዘገይ መሆኗን ብዙ ሰው እንደ ጥርጣሬ ይቈጥርባታል፤ እኔ ግን እንደ አክብሮት አየዋለሁ። በፈረንሳይ አገር በሉርድ እመቤታችን በ1858 እ.ኤ.አ. ከተገለጠች ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተፈወስን ብለው አመልክተዋል፤ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ የሚሠሩ ሐኪሞች መርምረው፣ ጳጳሳትም አጽድቀው ተአምር ተብለው የታወጁት ግን ከ70 ጥቂት ቢበልጡ ነው። የቀሩት ሐሰተኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ ጸጋን የተቀበለ ሰው ሁሉ ማኅተም አያስፈልገውም። የሃይማኖት ትምህርት ጉባኤም በመስከረም 14 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ስለ ፈውስ ጸሎት ባወጣው መመሪያ ለሕሙማን መጸለይ መልካም እንደሆነ አስተምሮ፣ በዚያ ጸሎት ላይ ጩኸትና ግርግር፣ እንደ ቲያትር የተቀነባበረ ነገር፣ የሰውን ስሜት ለመቀስቀስ የሚደረግ ትርኢት እንዳይገባ አጥብቆ አሳስቧል።

በእኛ አካባቢ ላለ ምእመን ከዚህ ይልቅ ቀላል መመዘኛ አለ። ገንዘብ ተጠይቆበታልን? ሲሞን ጠንቋዩ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በብር ሊገዛ ቢመጣ ጴጥሮስ እንዴት እንደገሠጸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ይነበባል፤ ዛሬ ደግሞ ገዢው ብቻ አይደለም፣ ሻጩም መጥቷል፤ ዘይቱና ውኃው በዋጋ ይቸረቸራል። ሐኪም እንዳይመረምረው ተከልክሏልን? የሚከብረው ክርስቶስ ነው ወይስ በፖስተሩ ላይ የተሳለው ሰው? ተፈወስኩ ያለውስ ከጎረቤቱ ጋር ታርቋልን? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 በስሙ ተአምራት ያደረጉትን እንኳ አላውቃችሁም የሚላቸው እንዳሉ ነግሮናልና ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የዋዛ አይደለም።

በዚህ ነገር ጎጃም የራሷ ምስክር አላት። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. በመርጡለ ማርያም አጠገብ በዲቦ ተወለዱ፤ ደጀን ያለችበት የምሥራቅ ጎጃም ምድር ማለት ነው። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን በሕመም አጡ። መነኰሱ፤ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ገዳም ዞሩ፤ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም ተጓዙ፤ በ1844 እ.ኤ.አ. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት መባቻ ስለ እምነታቸው ታስረው ተገረፉ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት እየተጐተቱ በ1855 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር አረፉ። ያን ዘመን የምናነሣው ቂም ለማደስ አይደለም፤ የዛሬዎቹ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጎረቤቶቻችንና ዘመዶቻችን ናቸው።

የታሪካቸው ጸሐፊዎች ከግርፋቱ በኋላ ደኅና ሆነው መነሣታቸውን ያዩ ሰዎች ተደንቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንዳሏቸው ይተርካሉ። እኔን የሚደንቀኝ ግን የቀረው ነው። የጠፋው ዓይናቸው አልበራም። የጴጥሮስ ሰንሰለት በወኅኒ እንደወደቀ የእርሳቸው አልወደቀም። እንዲፈቱ ጸልየው ከሆነ መልሱ አልመጣም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸውን ያወጁላቸው እንደ ሰማዕት ነው፤ ዛሬም በሚሠራበት ሥርዐት ቤተ ክርስቲያን ሰማዕትን ብፁዕ ለማለት የተአምር ማስረጃ አትጠይቅም። እስከ ሞት መጽናት ራሱ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ስለሆነ በቂ ምልክት ነው። አንድ ዓይና የነበሩት፣ ሳይፈቱ የሞቱት መነኵሴ ከሐዋርያት ዘመን በኋላ በጎጃም ለተሰጠው ጸጋ ምስክር ናቸው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ነገር አሳስቤ ልጨርስ። ወደ ሕመምተኛ ቤት ስትገቡ ለፈውሱ ሳታፍሩ ጸልዩ፤ ጌታ ዛሬም ይፈውሳልና ልመናችሁን በለሆሳስ አታድርጉት። ይድናል ብላችሁ ግን ቀን አትቍረጡ፤ ይህ ሥልጣን አልተሰጣችሁም። ሕመሙ የጸና እንደሆነ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንደታዘዘው ካህኑን በጊዜ ጥሩ፤ ምሥጢረ ቀንዲል ለሕሙማን የተሰጠ ነው፤ ነፍስ ልትወጣ ስትል ብቻ የሚታሰብ የሞት አዋጅ እንዳልሆነ ለቤተ ሰቡ አስረዱ። ካህኑ ሩቅ ከሆነና መንገዱ ከከበደ እናንተ መዝሙረ ዳዊት አንብቡለት፣ እጁን ያዙት፣ ለአስታማሚዋም ጥቂት እንቅልፍ እንድታገኝ ተራ ውሰዱ፤ ይህ በሐዋርያው መዝገብ ረድኤት የተባለው ስጦታ ነው። መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ እወቁ፤ ጸሎት ላይ ሳላችሁ ሰዓቱ ከደረሰም ጸሎቱን ጥቂት ገታ አድርጋችሁ መድኃኒቱን ከነውኃው አቀብሉት።